አንድ መቃብር ያላቸው ሁለት መንደሮች

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በአባሎች ጥያቄ ለመጽሔታችን የቀረበ)



 ኮሚቴው «አንድ ነገር ይናገሩ» ብሎ ሲጠይቀን በመጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ሌላው የተናገረውን ስንጽፍና ስንገለብጥ የኖርን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርን እንጂ ተናጋሪ አይደለንም። ነገር ግን በዛሬው አጀንዳ በአምስተኛ ተራ ቁጥር የተያዘው ጉዳይ፣ ይኸውም «ዕድራችን ከአዲሱ መንገድ ወዲህና ወዲያ ለሁለት ይከፈል» የሚለው ሐሳብ፣ እንቅልፍ ስለ ነሳን ዝም ማለቱን አልቻልንበትም።

ወደ ክርክሩ ግን አሁን አንገባም። ሰው የራሱን ነገር ሲከራከር ቶሎ ይቆጣል፤ የሌላውን ሲሰማ ግን ረጋ ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ በቅድሚያ በዓይናችን ስላየናት አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር እናጫውታችሁ። ፍርዱን ከዚያ በኋላ እናንተው ትሰጣላችሁ። ስለዚያ አገር ታሪክ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልን እንለምናለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በ2011 ዓ.ም. ክረምት በስዊስ አገር ሎዛን ከተማ የምትኖረው ልጃችን ወስዳን ሁለት ወር ያህል ተቀምጠን ነበር። ሎዛን ያለችው ሌማን በሚባለው ሐይቅ ዳር ነው። ይኸን ሐይቅ እኛ የምናውቀው የጄኔቭ ሐይቅ በሚለው ስሙ ነው። የጄኔቭ ስም ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያን ግፍ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙባት ከተማ በዚሁ ሐይቅ በምዕራቡ ጫፍ ላይ ናት። ሐይቁ ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጣና ጋር ቢተያይ በስፋት በጣም ያንሳል። ጥልቀቱ ግን 310 ሜትር ይደርሳል ሲሉን ጣናን የምናውቅ ሰዎች ማመን አቃተን።

አንድ ቀን ልጃችን «አባባ፣ ዛሬ አንድ የሚገርም ቦታ ላሳይዎት» አለችንና በመርከብ ሐይቁን ተሻግረን ከምሥራቁ ጫፍ አጠገብ በደቡቡ ዳርቻ ወረድን። መንደሪቱ ሳን ዣንጎልፍ ትባላለች። ስሟን ያገኘችው በ8ኛው መቶ ዘመን በቡርጎኝ አገር ኖረ ከሚባልና ካቶሊኮች እንደ ሰማዕት ከሚያከብሩት ጋንጉልፍ ከተባለ ባላባት ነው። ከፊቷ ሐይቁ ነው፤ ከኋላዋ ተራራው ቀጥ ብሎ ይነሣል። ግራሞን የሚባለው ከፍተኛው ጫፍ 2172 ሜትር ሲሆን ሐይቁ ያለበት ከፍታ 372 ሜትር ብቻ ነው። ቤቶቹ በሐይቁና በተራራው መካከል ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ቦታ የለማ! ከተራራው የሚወርድ ሞርዥ የሚባል ውሃ መንደሪቱን በመካከል ሰንጥቆ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ወንዝ ከምንለው ይልቅ ጅረት ብንለው ይሻላል።

በጅረቱ ላይ ድልድይ አለ። እመካከሉ ላይ ስንደርስ ልጃችን አስቆመችንና «አባባ፣ አሁን አንዱ እግርዎ ስዊስ ነው፤ አንዱ እግርዎ ፈረንሳይ ነው» አለችን። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሞርዥ በስተምሥራቅ ያለው የመንደሪቱ ወገን ስዊስ ነው፤ በስተምዕራብ ያለው ደግሞ ፈረንሳይ ነው። ሁለቱም ወገን ስሙ ያው ሳን ዣንጎልፍ፣ ቋንቋውም ያው ፈረንሳይኛ ነው። ስዊስ አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች ያሏት አገር ስትሆን ይህ ቫሌ የሚባለው ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ጫፍ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ነው። ሕዝቡም በየራሱ ከአንድ ሺህ ሰው እምብዛም የሚርቅ አይደለም። ሁለቱ ተደምረው በእኛ አገር ሚዛን ደኅና የገጠር ቀበሌ ቢያህሉ ነው።

እንግዲህ ይህች ትንሽ ቦታ እንዴት ለሁለት ተከፈለች ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የታላላቆች ጠብ ነው። በድሮ ጊዜ ያ የሐይቅ ዳር ሁሉ የሳቮያ መስፍን ግዛት ነበር። በ1536 የበርን ሰዎች የሐይቁን ሰሜን ከመስፍኑ ሲወስዱ የቫሌ ሰዎችም በደቡቡ ዳርቻ ገፍተው እስከ ኤቪያን ድረስ ያዙ። ኤቪያን ያልነው ያው በፕላስቲክ እየታሸገ ውሃው የሚሸጠው አገር ነው። ከ33 ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1569፣ ቶኖን በተባለች በዚያው ሐይቅ ዳር በምትገኝ ከተማ ሳቮያና ቫሌ ተዋዋሉ። ቫሌ ኤቪያንን መለሰች፤ ሞርዥም ወሰን ይሁን ተባለ። ጅረት ለድንበር ይመቻል፤ ችካል መትከል አያሻም። በጅረቱ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ዘመድ ከዘመድ መለያየቱ ግን ለፈራሚዎቹ የታያቸው አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሥታት ተለዋወጡ፤ ወሰኑ ግን እዚያው ቀረ። ቫሌ በ1815 የስዊስ ኅብረት አባል ሆነች። ሳቮያ በ1860 ለፈረንሳይ ተሰጠች። በዚህም ምክንያት የአንዲት መንደር ወሰን የነበረው ጅረት የሁለት ታላላቅ አገሮች ድንበር ሆነ። ዛሬ ከድንበሩ ወዲህ ከንቲባ አለ፤ ወዲያ ደግሞ ፕሬዚዳንት የሚባል የመንደር ሹም አለ። ወዲህ በዩሮ ይገበያያሉ፤ ወዲያ በስዊስ ፍራንክ። ወዲህ የብሔራዊ በዓላቸው ቀን ጁላይ 14 ነው፤ ወዲያ ኦገስት 1 ነው። ከድልድዩ ማዶ ላለው ጎረቤት ስልክ ለመደወል እንኳ የውጭ አገር ቁጥር ይመታል፤ የአንዱ 33፣ የሌላው 41። ግብሩ ሌላ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ሕጉ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ ሲከፈል ያልተከፈለ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ነው። መቃብራቸውም አንድ ነው።

ሁለቱም የሚገኙት በፈረንሳዩ ወገን ነው። በ1569 ወሰኑ ሲሰመር ሰበካውን ማንም አልከፈለውም። ስለዚህ ከስዊሱ ወገን ሰው ሲሞት ሣጥኑ ድልድዩን ይሻገርና በፈረንሳይ አፈር ከአባቶቹ ጋር ያርፋል። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ የስዊስ ፓስፖርት ነበረው፣ ለስዊስ መንግሥት ግብር ከፍሏል፣ ለስዊስ ወታደር ሆኖ ይሆናል። ሲሞት ግን የሳን ዣንጎልፍ ሰው ነው፤ በቃ። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሆኖ ቆይቷል። እኛም እዚያ መቃብር በር ላይ ቆመን ኮፍያችንን አወለቅንና «ጉድ ነው!» አልን። የዕድር ሰው ስለ ሆንን ዓይናችን ከሐይቁም ከተራራውም ይልቅ እዚያ ላይ ቀረ።

ከመቃብሩም በቀር አንድ ማኅበር አላቸው። በአገሩ ቋንቋ ቡርዥዋዚ ይሉታል። ይህ ስም በእኛ አገር በአብዮቱ ጊዜ ለስድብ የዋለ ቃል ስለ ሆነ እንዳትደነግጡ። በእነርሱ ዘንድ የመንደሪቱ ነባር ቤተ ሰቦች ማኅበር ማለት ነው። ጫካውና የተራራው ግጦሽ የጋራ ንብረት ስለ ነበረ ማኅበሩ ያስተዳድረዋል። ወሰኑ ሲሰመር ይህንንም አልተካፈሉትም። ዛሬም የማኅበሩ አባሎች ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ አንዱ ፈረንሳዊ ሌላው ስዊሳዊ ሆኖ በአንድ ንብረት ላይ አብረው ይመክራሉ። የመንደሪቱ የሙዚቃ ባንድም እንዲሁ የጋራ ነው። ስሙን «የሁለቱ ሪፐብሊኮች ልጆች» ብለውታል። ስሙን ስንሰማ ደስ አለን፤ ሁለት መሆናቸውን አልደበቁም፤ ልጅነቱን ግን አንድ አደረጉት።

እዚህ ላይ ስለ ኑሯቸው ጥቂት ማለት ይገባናል። የጥንቱ ሕዝብ ዓሣ አስጋሪ፣ እንጨት ቆራጭ፣ በተለይም ጀልባ ሠሪና ጀልበኛ ነበር። ከመንደሪቱ በስተምዕራብ ሜይሪ የምትባል የድንጋይ ካባ ያለባት ቦታ አለች። የጄኔቭና የሎዛን ታላላቅ ቤቶች የተሠሩበት ድንጋይ ብዙው ከዚያ ተፈንቅሎ ባለ ሁለት ሸራ በሆኑ ትልልቅ ጀልባዎች በሐይቁ ላይ የተጓዘ ነው። ባቡርና የጭነት መኪና ሲመጡ ጀልባዎቹ ሥራ ፈቱ። ዛሬ በስዊሱ ወገን በሚገኘው አሮጌ የባላባት ግንብ ውስጥ የጀልባዎቹ ሙዚየም አለ። በአሁኑ ጊዜ በዚያ ዳርቻ ከፈረንሳይ በኩል ብዙ ሰው በየቀኑ እየተሻገረ ስዊስ ይሠራል፤ ደመወዙ በስዊስ በኩል ከፍ ያለ ነውና። የስዊሱ ሰው ደግሞ ዕቃ ለመሸመት ወደ ፈረንሳይ ይሻገራል፤ ዋጋው ይቀንሳልና። ታዲያ ይህ ያለ ቅያሜ አይሄድም። ስዊስ የሚሠራው ጎረቤት ብዙ ገንዘብ ሲያመጣ እዚያው በፈረንሳይ ደመወዝ ለሚኖረው የቤት ኪራይ ይወደድበታል። ሰው ናቸው እንጂ መላእክት አይደሉም።

ድንበሩም ቢሆን ዝም ብሎ የተቀመጠ አይምሰላችሁ፤ በየዘመኑ አስቸግሯቸዋል። ከናፖሌዎን ጦርነት በኋላ በዚያ አካባቢ ነፃ ቀጠና የሚባል ነገር ተቋቁሞ ነበር። ይኸውም የፈረንሳይ ጉምሩክ ኬላ ድንበሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ እንዲቆም፣ የድንበሩ ገበሬ ያለ ቀረጥ ከጎረቤቱ ጋር እንዲገበያይ ማለት ነው። ሳን ዣንጎልፍም የራሷ ትንሽ ቀጠና ነበራት። በ1923 ፈረንሳይ ይህን አልቀበልም ብላ ጉምሩኳን ድንበሩ ላይ አመጣችው። ስዊስ ተከራከረች፤ ነገሩ ላሄ እስካለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1932 ፈረንሳይ ኬላዋን ወደ ኋላ እንድትመልስ ተፈረደ። አያችሁ፣ የጥቂት መንደሮች ቅቤና አይብ ዓለም አቀፍ ዳኞችን ስንት ዓመት አከራከረ!

ባቡሩም ሌላ ምሳሌ ነው። በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ከኤቪያን ሳን ዣንጎልፍን አልፎ ወደ ስዊስ የሚገባ ሐዲድ ነበረ። በፈረንሳዩ ወገን የመንገደኛ ባቡር በ1938 ቀረ። የስዊሱ ባቡር ግን ዛሬም እየመጣ ሳን ዣንጎልፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐዲድ ሣርና ቁጥቋጦ በልቶታል። ለሁለት የተከፈለ ነገር ሁልጊዜ ሁለት አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህችን ነገር በአእምሯችሁ ያዙልን።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ተሸንፋ የጀርመን ወታደር የፈረንሳዩን ወገን ይዞ ነበር። ስዊስ ገለልተኛ ስለ ነበረች በጦርነቱ አልገባችም። አንዲት መንደር፣ ጅረቱ ወዲያ ሰላም፣ ጅረቱ ወዲህ ጦርነት! ጁላይ 22 ቀን 1944 ከተራራው የወረዱ የፈረንሳይ አርበኞች በመንደሪቱ የነበረውን የጀርመን ጣቢያ ወጉ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። የአገሩ ሰው በቀሉ እንደሚመጣ ስላወቀ ሽማግሌውም እናቲቱም ሕፃናቱም ሞርዥን እየተሻገሩ ወደ ስዊሱ ወገን ሸሹ። በማግስቱ የኤስ ኤስ ወታደሮች መጡና መንደሩን በእሳት አያያዙት። እቤታቸው ከቀሩት ሰዎች መካከል ስድስቱን ረሸኑ። ከስድስቱ አንዱ የሰበካው ቄስ አባ ሉዊ ሮሲዮን ነበሩ።

ልብ አድርጉልን፤ ሰበካው አንድ ስለ ሆነ እኒያ ቄስ የፈረንሳዩ ወገን ብቻ ቄስ አልነበሩም። የስዊሱም ወገን ቄስ ነበሩ። ስለዚህ በስዊሱ ዳርቻ ቆሞ ጭሱን ያይ የነበረው ሰው የጎረቤት አገር ሐዘን አይደለም ያየው፤ የራሱን ነው። በዚያን ቀን አንድሬ ሻፐሮን የተባሉት የስዊሱ ወገን የመንደር ሹምና ጄኔራል መኰንኑ ዩልዩስ ሽቫርትስ ከጀርመኖቹ ጋር ተነጋግረው ጥፋቱ እንዲቆምና የቀረው የመንደሩ ክፍል እንዲተርፍ አደረጉ። የሸሸውንም ሰው ጎረቤቱ ተቀበለው። ጦርነቱ ሲያልፍ የተቃጠለው ተመልሶ ተሠራ።

ይህን ስንናገር ስዊሶቹን ለማመስገን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያልተሟላ ነገር እውነት አይሆንም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1942፣ የስዊስ መንግሥት ድንበሩን በሂትለር ለሚሳደዱ ስደተኞች ዘግቶ ነበር። ከሞት የሸሹ አይሁዶች በዚያ ድንበር ከየቦታው ተመልሰዋል፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ይህን የስዊስ ሰዎች ራሳቸው በኋላ ዘመን መርምረው አምነዋል። ጎረቤትን መቀበል ይቀላል፤ ስሙን ታውቀዋለህ፣ እናቱን ቀብረሃል። እንግዳን መቀበል ነው የሚከብደው። በእኛ ዕድርም ተከራይ የሆኑ ሰዎች «መታወቂያቸው የዚህ ሰፈር አይደለም» እየተባሉ ስንት ጊዜ ከመዝገብ እንደ ቀሩ የምናውቀው እናውቃለን። መዝገቡ በእጃችን ስለ ነበረ ጥፋቱ ከእኛም አይርቅም።

ወደ ቅርቡ ጊዜ ስንመጣ፣ ስዊስ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ፓስፖርት በየድንበሩ የማይጠየቅበት የአውሮፓ ስምምነት ውስጥ ስለ ገባች ሰው ድልድዩን እንደ ልቡ ይመላለስ ጀመር። ጉምሩኩ ለዕቃ ብቻ ቀረ። እኛም በ2011 ክረምት ስንሻገር «ወዴት ናችሁ?» ያለን የለም። በዓመቱ ግን ያ የኮሮና በሽታ መጣ። በማርች 2020 ድንበሩ ተጠበቀ፤ የሥራ ወረቀት ወይም በቂ ምክንያት የሌለው አያልፍም ተባለ። እስከ ጁን 15 ቀን ድረስ ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ቆየ። ልጃችን ደውላ «አባባ፣ ያች የወደዷት መንደር ተዘጋች» ስትለን፣ እኛም በዚህ ለቀስተኛ እየተቆጠረ፣ ድንኳን እንዳይተከል ተከልክሎ፣ ሰው ዘመዱን በአራት በአምስት ሰው የሚቀብርበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ይበልጥ የገባን። ሰው ከሰው የሚለይበት መስመር ሥራ ሲዘጋበት ይጨነቃል፤ ገበያ ሲዘጋበት ይቸገራል፤ ሬሳውን እንዳይሸኝ ሲዘጋበት ግን አንጀቱ ይቆረጣል።

የተከበራችሁ አባሎች፤

እንግዲህ ወደ ተራ ቁጥር አምስት እንመለስ። አዲሱ መንገድ ሰፈራችንን ለሁለት ከከፈለውና አስተዳደሩም ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ከተለየ ወዲህ «ዕድሩም ይከፈል» የሚል ሐሳብ መጥቷል። ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ሲያዘን የክፍፍሉን ዝርዝር የጻፍነው እኛው ነን። ይህን በግልጽ እንናገራለን፤ ጽሑፉም የእጃችን ነው። ድንኳኑ ሁለት ነው፤ ለየወገኑ አንድ አንድ ብለን ጻፍን። አግዳሚ ወንበሩን እኩል አደረግን። ብረት ድስቱ ሰባት ስለ ሆነ ለአንዱ አራት ለአንዱ ሦስት ሰጥተን የጎደለውን በብርጭቆ አካካስን። የባንኩን ገንዘብ በአባል ቁጥር አካፈልን። እንዲህ እያልን ወርደን ጥሩምባው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ጥሩምባው አንድ ነው። ሌላ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሌሊት ወዲያ ማዶ ሲነፋ እኛ ተኝተን ልናድር ነውን? «የእኛ ወገን አይደለም» ብለን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ልንስብ ነው? ዝርዝሩን ሳንጨርስ አጠፍነው።

ባለቤታችን በ2013 ዓ.ም. ያረፈች ጊዜ ቤታችን ከመንገዱ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ የደረሱት ግን ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ነበሩ። ድንኳኑን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በጨለማ፣ መኪና እያስቆሙ አሻገሩት። ያን ሌሊት ማን የየትኛው ወረዳ እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሆኖም ወዲያ ያሉት ወንድሞቻችን ያቀረቡት ቅሬታ እውነት አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። መጋዘኑ ወዲህ ነው። ስብሰባው ሁልጊዜ ወዲህ ነው። የኮሚቴው ሰው አብዛኛው ወዲህ ነው። ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል አሮጊት እናቶች ያን መንገድ ይሻገራሉ። ሰው ተገፋሁ ሲል «ዝም በል» ማለት መልስ አይሆንም። ያች የሐይቅ ዳር መንደር ያስተማረችንም ይኸንኑ ነው። እነርሱ ሁሉን ነገር አንድ እናድርግ አላሉም። ለኑሮ የሚያስፈልገውን ለሁለት ከፈሉት፤ ለሞት የሚያስፈልገውን አንድ አድርገው ተዉት።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። መዋጮ ሰብሳቢ ከመንገዱ ወዲያም አንድ ይመረጥ። ሁለተኛው ድንኳንና ግማሹ ዕቃ ወዲያ ማዶ ይቀመጥ። ስብሰባው አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ይሁን። ኮሚቴውም ከሁለቱም ወገን እኩል ይመረጥ። መዝገቡ፣ የባንኩ ሂሳብና ጥሩምባው ግን አንድ ይሁኑ። ተከራዮችም መዋጮ እስከ ከፈሉና እስከ ለቀሱ ድረስ በመዝገቡ ይግቡ። ይህ ሐሳብ ከመተዳደሪያ ደንባችን ጋር የሚጋጭ ቦታ ካለው ደንቡን የጻፍነው እኛው ነንና ማሻሻሉ ከባድ አይሆንም።

ጉባኤው ይከፈል ብሎ ቢወስንም እንቀበላለን፤ የብዙኃን ድምፅ ነውና። ያን ዝርዝር ግን እኛ አንጨርሰውም። ሌላ ጸሐፊ ይፈለግ። እኛ የምንሞትበት ቀን ጥሩምባው በሁለቱም በኩል እንዲሰማ ከአሁኑ እንለምናለን።

በመጨረሻም በዚህ ዓመት የተለዩንን የዕድራችንን አባሎች፣ ከመንገዱ ወዲህም ሆነ ወዲያ የነበሩትን፣ ሁላችን ተነሥተን ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት እንድናስባቸው እንጠይቃለን። የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ የቀረነውን አያለያየን።